የሳግን ሳጥንና የካሊፓ ዳቦ

ሳግን ከቤት ሲወጣ በሩን ይቆልፋል፤ ጥቂት ሄዶ ተመልሶ መቆለፉን ያያል፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ደግሞ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዳብሳል። በቴኬ ሳይ መንደር በሩን የሚቆልፍ ሌላ ሰው የለም። የሚሰረቅ ነገር ኖሮት አይደለም፤ እንዲያው ፍርሃት አብሮት ነው የተወለደው። በበጋ የክረምቱን ብርድ ይፈራል፤ በክረምት ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ የሚመጣውን ጎርፍ። ሚስቱ ካሊፓ፣ «የኔ ባል ሲተኛ ሕልሙን ይፈራል፣ ሲነቃ ቀኑን ይፈራል፤ መሃል ላይ ሻይ ሲጠጣ ብቻ ነው ሰው የሚሆነው» ትላለች። እሱም አብሯት ይስቃል፤ ሻዩንም ትን እንዳይለው ቀስ ብሎ ይጠጣል።

መተዳደሪያው ስልክና ቴሌቪዥን መጠገን ነው። ባለፈው መኸር መለዋወጫ ሊገዛ ወደ ዋና ከተማው ቢሽኬክ ወርዶ ሳለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ፌስታል አቀበለው። ውስጡ ፍላሽ የሚመስሉ፣ ጀርባቸው ላይ የብረት ማቀዝቀዣ የተለጠፈባቸው ትንንሽ ነገሮች ሞልተውበታል። ኮምፒውተር ላይ ተሰክተው ያን ክሪፕቶ የሚባለውን የኢንተርኔት ሳንቲም የሚቆፍሩ ናቸው፤ መቆፈር ይባል እንጂ ሥራቸው ያለ ዕረፍት ማስላት ነው። ድሮ ሰው ተሻምቶባቸው ነበር፤ ትልልቆቹ ማሽኖች ከመጡ ወዲህ ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። «ውሰዳቸው ወንድሜ፤ ቦታ ነው የሚያጣብቡብኝ» አለው ነጋዴው።

መጀመሪያ በተራ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው። ግማሾቹ በሩ፣ ግማሾቹ ብልጭ ብለው ጠፉ፤ ማከፋፈያውም የተቃጠለ ፕላስቲክ መሽተት ጀመረ። ሳግን ባልዲ ሙሉ ውሃ አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ። ውሃና ኮረንቲ እንደማይስማሙ ትዝ ሲለው ደግሞ ውሃውን ደፍቶ አሸዋ ሞላበት። ቀጥሎ የራሱ የኃይል ገመድ ያለው ጠንካራ ማከፋፈያ ገዛ፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የነቀለውን ማራገቢያ ከላይ አጋደመ፤ ሁሉንም እንድትመራ ደግሞ የመጫወቻ ካርታ የምታህል፣ ሁለመናዋ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለቀ ኮምፒውተር አገናኘ። የዚች ኮምፒውተር ነፍስ ያለችው ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ ካርዱ ይበላሻል፤ ሳግንም ቁጭ ብሎ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጭናል። በዚህ ሲሰለች ከጠረጴዛው ስር አሮጌ የመኪና ባትሪና የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር አኖረ። ፍላሽ መሳዮቹን ከነማከፋፈያቸው በእንጨት ሳጥን ውስጥ ደረደራቸው።

ሳጥኑ ክረምቱን ሙሉ ቢቆፍር አንድ ጥቅል ሻይ እንደማይገዛ ሳግን ከማንም በላይ ያውቃል። ታዲያ ምን ሊሠራለት? ብትሉ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ሳይጨነቅ የሚያየው ነገር እነዚያ ትንንሽ አረንጓዴ መብራቶች ብቻ ነበሩ። አንዱ ቢጠፋ ለምን እንደጠፋ ያውቃል፤ ነቅሎ ይሰካዋል፣ ይበራል። የሰው ልጅ፣ የአየር ጠባይ፣ መንግሥትና ልብ እንዲህ አይጠገኑም።

የሳጥኑን እውነተኛ ጥቅም ያገኘችው ካሊፓ ናት። በዚያ ብርድ ሊጥ ኩፍ እንዲል እስከ ቀትር መጠበቅ ግድ ነበር። አንድ ጠዋት የሊጡን ገበታ ሳጥኑ ላይ አስቀምጣ ሻይ ልትቀዳ ሄደች፤ ስትመለስ ሊጡ የገበታውን ጠርዝ አልፎ ሊፈስ ደርሷል። «ሳንቲምህ ቀርቶብኝ ሊጤን ይንፋልኝ!» አለችው እየሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሊጧ ከሳጥኑ ወርዶ አያውቅም። ዳቦዋም በዚያ ክረምት እንደ ጥጥ ለሰለሰ፤ የሠርግም የለቅሶም ዳቦ ከሷ ዘንድ ይታዘዝ ጀመር።

ከዚያ መብራቱ መሄድ ጀመረ።

ሰው ሁሉ ከሥራው ገብቶ ቤቱን ማሞቅ ሲጀምር የመንደሩ ትራንስፎርመር እጁን ይሰጣል፤ የመብራት ሠራተኛው መጥቶ እስኪመልሰው ድረስ ቴኬ ሳይ ጨለማ ትውጣታለች። ለሌላው ሰው ብርድና ብስጭት ነው። ለኡምሱናይ ግን ትንፋሽ ማጣት ነው። ኡምሱናይ ከሳግን ቤት ቀጥሎ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ያ ክፉ የሳንባ በሽታ ካለፈባቸው ወዲህ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሱት። ሳግን ሲወለድ እናቱ ታማ ስለነበር ጡት ያጠቡት እሳቸው ናቸው። አፓ ይላቸዋል፤ እናቴ ማለት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ካሊፓ ከጤና ጣቢያ የመጣውን በኦክስጅን የተሞላ ከረጢት ይዛ ትሮጣለች፤ ሳግን ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ የአሮጊቷን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ያያል። ከረጢቱ ቶሎ ነው የሚሟጠጠው። እስካሁን መብራቱ ቀድሞት ይመጣ ነበር፤ ሳግንም የሳጥኑን አሮጌ ባትሪ እንዳያገናኝላቸው ማሽኑን ያቃጥለዋል ብሎ ይፈራ ነበር።

ወሬውም አብሮ መጣ። «እዚሁ መሃላችን ሳንቲም ቆፋሪ ማሽን የደበቀ ሰው አለ፤ መብራታችንን የሚጠጣው እሱ ነው» ተባለ። ሳግን ይህን ሲሰማ ሳጥኑ ላይ ጨርቅ ጣለበት። የሱ ሳጥን የሚበላው ከአንድ አምፖል ያነሰ መሆኑን ለክቶ ያውቃል። ቢሆንም «ቢሆንስ?» የምትል ቃል አልለቀቀችውም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ለማንም ሳይናገር ሳጥኑን ነቀለው። መብራቱ እንደ ልማዱ ሄደ። ሳግን በጨለማው ውስጥ እፎይ አለ፤ ወዲያው ደግሞ አፓን አስታውሶ እፎይ በማለቱ አፈረ። በማግስቱ ሊጡ ስላልነፋ መልሶ ሰካው።

አንድ ከሰዓት በኋላ መንደሩ ሁሉ አታ፣ አባት፣ የሚላቸው ሽማግሌው ቤይሼን በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ። ወንበር ሲስቡ ከሁሉም ቦታ መርጠው ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጡ።

«ካሊፓ ልጄ፣ ዳቦ ልትጋግሪልኝ ነው የመጣሁት። ነገ አባወራ ሁሉ አዳራሽ ተሰብስቦ በዳቦ ይምላል። ከመጀመሪያው በረዶ ወዲህ በቤቴ ሳንቲም ቆፋሪ ማሽን የለም፣ አልነበረም፣ ብሎ። ዳቦው ያንቺ ይሁን።»

«እሺ አታ» አለች ካሊፓ፤ ዓይኗን ከባሏ ላይ አልነቀለችም።

«ሌባው በማንም ይዋሻል፤ በዳቦ አይዋሽም» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ጨርቁ ላይ አሳረፉ። «ይሄ ነገር ይሞቃል እንዴ? ምድጃ አስገባችሁ?»

ሳግን ወደ ሚስቱ ዞረ።

«የሱ ጥገና ነው አታ፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሲያቃጥል ነው የሚውለው» አለች ካሊፓ ቀልጠፍ ብላ።

ሽማግሌው ሳቁ። ሊወጡ ሲነሱም ካሊፓ ዳቦ አቀረበችላቸው፤ በዚያ አገር ዳቦ ሳይቀምስ ከሰው ቤት የሚወጣ የለምና፣ ቁራሽ ቆርሰው በአፋቸው እያደረጉ ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ ሳግን አልጋው ላይ ዘፍ አለ። ዳቦ በነሱ ዘንድ አይገለበጥም፣ መሬት አይጣልም፤ በዳቦ ምሎ የዋሸን ሰው ዳቦ ይመታዋል። እንዴት እንደሚመታ ግን ማንም አያውቅም፤ ሳግንን የገደለው እሱ ነው።

«ጣለው» አለች ካሊፓ። «ወንዝ ውስጥ ወርውረውና ነገ ማል።»

«አልነበረም በል ነው እኮ የሚሉኝ! ዛሬ ብጥለው ትናንት ነበር።»

«እንግዲያስ እውነቱን ተናገር።»

«እውነቱን ብናገር መብራቱን ያጠፋው ሳግን ነው ብለው ይጨርሱታል። ሌላውን ማን ይፈልገዋል? የመንደሩን ማሞቂያ ሂተር ሁሉ ማን ይቆጥረዋል? አፓ ደግሞ…» አልጨረሰውም። «ሊጡንስ አስበሽዋል? ነገ የምንምልበት ዳቦ ሊጥ የት ነው ያለው?»

ሁለቱም ዞረው አዩ። ሊጡ ሳጥኑ ላይ ኩፍ ብሎ ተቀምጧል።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ዳቦው ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፤ መሃሉ ላይ ካሊፓ የምታትመው የኮከብ ምልክት ከሩቅ ይታያል። አባወራዎቹ እየተነሱ እጃቸውን ዳቦው ላይ እያኖሩ ማሉ። ከሁሉም ጮክ ብሎ የማለው ቱሩስቤክ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ሰፊ የበግ ጉረኖ ያለው፣ ድምፁ ከበጎቹ ሁሉ የሚበልጥ የሳግን እኩያ። «ያለኝ እንደሆነ ዳቦ ይምታኝ! የልጆቼንም ጉሮሮ ይዝጋ!» አለ። ሰው በአድናቆት አጉረመረመ።

ሳግን ከኋላ በሩ አጠገብ ስለተቀመጠ ተራው መጨረሻ ደረሰ። መንገዱ ረዘመበት። እጁን ሲያኖር ዳቦው አሁንም ለብ ያለ መሰለው። የማን ሙቀት እንደሆነ ያውቃል። የሚሳቀቀው ለራሱ ብቻ አልነበረም፤ ዳቦ የሚመታው ሰውየውን ካልሆነስ? የሚወደውን ቢሆንስ? አፓ በኦክስጅን ጭምብላቸው ውስጥ ሲያቃስቱ ታዩት። የተዘጋጀበት ቃል ሁሉ ጠፋው።

«አለኝ» አለ።

አባወራው ሁሉ ዞሮ አየው።

«አለኝ አታ። ትንሽ ናት። ከአምፖል ያነሰ ነው የምትበላው፤ መብራቱን የምታጠፋው እሷ አይደለችም፤ እባካችሁ ስሙኝ፣ ዛሬ ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ሂተሩን ሁሉ ከሰካችሁት ትራንስፎርመሩ…»

ከዚህ በኋላ የተናገረውን ማንም አልሰማም። «ይኸው! ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል!» ብሎ ቱሩስቤክ ጮኸ። አንዱ ተሳደበ፣ አንዱ ምራቁን እንትፍ አለ፣ አንዷ «በጡት እናትህ ትንፋሽ!» ብላ አለቀሰች። የመጨረሻዋ ቃል ሳግንን እንደ ጦር ወጋችው። ቤይሼን ግን እጃቸውን አነሱ። «ዳቦው ተናግሯል» አሉ፤ ፊታቸው ላይ የእፎይታ ፈገግታ ነበር። ሳግን ቤት ድረስ ሄደው ሳጥኑን በገዛ እጃቸው ነቅለው፣ በጨርቁ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ከጠረጴዛው ስር ያለውን ባትሪና ኢንቨርተር ግን ልብ ያለው አልነበረም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሳግን የፈራው አንድ በአንድ ሲደርስ ቁጭ ብሎ አየ። መንደሩ ሌባው ተገኘ ብሎ ተደሰተ። ስንት ቀን በስጋት ሂተሩን አጥፍቶ የሰነበተው ሁሉ ሰካው፤ ኩበትና ከሰል የሚያነደው ሰው እንኳ «ዛሬስ እንሙቅ» ብሎ ተወው። ሳግን ከበር በር ዞረ። «አንድ አንዷን ብቻ አጥፉ፤ ለአፓ ብላችሁ!» ይላል። «የመብራት ሌባ ደግሞ መካሪ ሆነ!» ብለው ይዘጉበታል። አንዱ ቤት ውሻ ለቀቁበት።

ፀሐይ ተራራው ጀርባ ስትገባ መብራቱ እንደ ወትሮው ዝም ብሎ አልሄደም። ምሰሶው ላይ የሆነ ነገር ፈነዳ፤ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ በራና የተቃጠለ ዘይት ሽታ በመንደሩ ላይ ተነዛ። ትራንስፎርመሩ ራሱ ነደደ። ሌላ ከከተማ እስኪመጣ በዚያ በረዶ ሌሊቱ መንጋቱ እርግጥ ነበር።

ሳግን መሮጡን ያወቀው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ባትሪውንና ኢንቨርተሩን በልጆች የበረዶ ሸርተቴ ላይ ጭኖ ወደ አፓ ቤት ጎተተ። ካሊፓ ከረጢቱን ታቅፋ ደርሳለች፤ ከጎኗ ከአዳራሹ የተረፈው ዳቦ አለ፤ የተማለበት ዳቦ አይጣልምና ይዛው መጥታለች። ኡምሱናይ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ሳግን በስልክ ብርሃን ገመዱን አገናኘ፤ ሁለት ጊዜ አበላሸው። ማሽኑ አቃሰተ፣ አንገራገረ፣ ከዚያ መተንፈስ ጀመረ።

«መጣህ እንዴ ልጄ?» አሉ አሮጊቷ ቆይተው።

«መጣሁ አፓ። አይናገሩ።»

ካሊፓን ወደ ጓዳ ጠርቶ በሹክሹክታ፣ «ባትሪው ያረጀ ነው፤ አያድርሰንም» አላት። «የሰው መኪና ባትሪ ያስፈልገናል።»

«ታዲያ ሂዳ!»

«ማን ይሰጠኛል? ቅድም እኮ ውሻ ነው የለቀቁብኝ።» ይህን ሲል እንባው መጣ። የቁጣም የፍርሃትም ነበር። ቢሆንም ቆቡን አነሳ።

በሩን ሲከፍት ቤይሼን ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የአሮጌ መኪናቸውን ባትሪ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ታቅፈውታል፤ ጢማቸው ላይ በረዶ ጋግሯል።

«ሳጥንህ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው» አሉ። «ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ ይዤው ተቀምጬ ነበር። መብራቱ ግን ጠፋ።»

ሳግን ባትሪውን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ።

«ዛሬ ከአባወራው ሁሉ ያልማልከው አንተ ብቻ ነህ ልጄ። ይኸው ባትሪዬ፤ አንተ ያዝልኝ።» ከዚያ ዞረው ወደ ጨለማው በሽምግልና ድምፃቸው ተጣሩ፤ «ባትሪ ያለው ሁሉ ነቅሎ ይምጣ! ለኡምሱናይ ነው!»

መጡ። ባትሪያቸውን በብርድ ልብስ፣ በልጅ ጃኬት፣ በፈረስ ኮርቻ ልብስ ጠቅልለው አንድ በአንድ መጡ። ሳግንን ቀና ብለው አያዩትም፤ ባትሪውን እግሩ ስር ያኖሩና ይቆማሉ። ኡምሱናይ ግን የመጣ ሁሉ እንግዳቸው ነው፤ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን የነገራቸው የለም። ጭምብሉን ገለጥ አድርገው «ሳትቀምስ አትወጣም» ይላሉ። ሁሉም ከዚያው ከማሉበት ዳቦ ቁራሽ ቆርሶ እየቀመሰ ወጣ።

ቱሩስቤክ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ የቀሩት ቤይሼን፣ ካሊፓና ሳግን ነበሩ። ከሁለቱም መኪኖቹ ነቅሎ ሁለት ባትሪ ይዟል። አኖራቸውና ወዲያው ወደ በሩ ዞረ።

«ቅመስ እንጂ» አሉ ኡምሱናይ።

«ቸኩያለሁ አፓ።»

«ቸኩለህ ቅመስ።»

«ጥርሴን አሞኛል።»

«ለስላሳ ነው፤ የካሊፓ ነው።»

ያ ትልቅ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ዳቦውን ላለማየት ግድግዳውን ያያል፤ መስኮቱን ያያል። ቤይሼን ቀስ ብለው አንገታቸውን አቀኑ። ሳግን ቀኑን ሙሉ ይህን ሰው ቢያገኘው የሚለውን ስድብ ሲያዘጋጅ ውሎ ነበር፤ አሁን ግን የቱሩስቤክን እጅ አየው፤ ዳቦውን እንዳይነካ እጅጌው ውስጥ ገብቷል። ጠዋት የገዛ እጁም ዳቦውን ለመንካት እንዲሁ ፈርቶ ነበር። ያን ፍርሃት ከሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ዳቦውን ሊሸፍንለት ጨርቁን ሳበ።

ኡምሱናይ ግን ቀድመው ቆርሰዋል። ቁራሹን ይዘው እጃቸውን ዘረጉ።

«አፓ» አለ ቱሩስቤክ። ቆቡን አወለቀ። «ከመቅመሴ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ከወንዙ ማዶ፣ ጉረኖዬ ጀርባ፣ ትልልቆቹ ቆፋሪ ማሽኖች አሉኝ…»

ማሽኑ ስለሚጮህ አሮጊቷ አልሰሙትም። ቁራሹን እንደያዙ እየጠበቁት ነበር፤ ክንዳቸው ሲደክም ሳግን እጁን ከስር ሰዶ ደገፈላቸው።